የበረዶ ሞክሼ

ጨቢ ቡልቶ የተወለደው ገብሱ ዛላ በያዘበት ወር ነው። ከዚያ በፊት ሁለት ዓመት በተከታታይ በረዶ የአባቱን ማሳ ጠርጎት ነበር። በሦስተኛው ዓመት እናቱ ምጥ ላይ ሳለች በረዶው እንደገና ወረደ። አባቱ ቡልቶ ደጃፉ ላይ ቆሞ ማሳው ነጭ ሲሆን አየ። ወዲያው ከኋላው የሕፃን ድምፅ ሰማ። ስም ለማውጣት ሽማግሌ አልጠራም፤ ቀንም አልቆጠረም።

«ጨቢ ይባል» አለ። በኦሮምኛ ጨቢ ማለት በረዶ ማለት ነው።

ጎረቤቶቹ ደነገጡ። የጠላትህን ስም ለልጅህ እንዴት ታወጣለህ አሉት። ቡልቶ ብዙ የሚያወራ ሰው አልነበረም። «ሞክሼው ያለበትን ቤት አይመታም» አላቸው። «ሰው እንኳ ሞክሼውን ያከብራል።»

በተከታዩ ዓመት በረዶው የጎረቤቱን ማሳ መትቶ የቡልቶን ዳር ዳሩን ብቻ ነካ። ሰዉ ተገረመ። ከዚያ ወዲያ በነበሩት ዓመታት አንዳንዴ መታው፣ አንዳንዴ አለፈው። ቡልቶ ግን የተመታበትን ዓመት አይቆጥርም ነበር። ያም ሆኖ ከሮቤ እስከ አጋርፋ ባለው ሜዳ ሁሉ ልጁን ጨቢ ብሎ የሰየመ ሌላ ሰው አልተገኘም። እንዲህ ያለውን ስም አንድ ቤት ከወሰደው ይበቃል ብለው ነው መሰል።

ጨቢም አድጎ እዚያው ማሳ ላይ ገበሬ ሆነ። በረዶ በጣለ ማግስት ሰዎች የተመታ እህላቸውን አይተው ሲመለሱ በደጁ ያልፋሉ።

«ሞክሼህ ትናንት ጉድ ሠራን። እስቲ ምከረው።»

«ነግሬዋለሁ፣ አይሰማም።»

በዚህች ሃምሳ ዓመት ተሳሳቁ። ከዚያ የሚስቁት ሰዎች አንድ በአንድ ሞቱ።

ሰባ ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው መታወቂያ ሊያሳድስ ቀበሌ ሄደ። የሚጽፈው ወጣት የድሮውን ካርድ ገልብጦ አየና፣ «አባባ፣ እዚህ ወንበር ላይ ስምንት ዓመት ተቀምጫለሁ። ይህን ስም ሌላ ሰው ላይ ጽፌ አላውቅም» አለው። ክፋት አልነበረበትም፤ እንዲሁ ገርሞት ነው። ጨቢ አዲሱን ካርድ በደረት ኪሱ አድርጎ ወደ ቤቱ በእግሩ ተመለሰ። መንገዱን ሙሉ አንድ ነገር እያሰበ መጣ። ታናናሾቹ «አባ አብዶ» ይሉታል፤ የአብዶ አባት ማለታቸው ነው። ልጆች «አባባ» ይሉታል። መስጊድ ውስጥም እንደዚያው። በስሙ የሚጠራው ለታ ብቻ ቀርቷል። ለታ ከሸዋ መጥቶ ሮቤ ላይ ያረጀ ባለ ጋሪ ነው፤ አንደበቱ አያርፍም፤ ሳንባውም እንደ ድሮው አይደለም።

በቤቱ ውስጥማ ስሙ ከእናቱ ሞት ወዲህ ተጠርቶ አያውቅም። ሚስቱ ኡሙሰልማ አርባ አንድ ዓመት አብራው ኖራ፣ ወልዳለት፣ እስክትሞት ድረስ አንድ ቀን ጨቢ አላለችውም። ሚስት ባሏን በስሙ አትጠራም። ምራት ደግሞ ከዚህ ይብስባታል። ለጉ ይሉታል። ያገባች ሴት የባሏን አባት ስም አታነሳም። ስሙ የአንድ ነገር መጠሪያ ከሆነም ያንን ነገር በሌላ ቃል ትለዋለች። ማንም ቆሞ የሚቆጣጠራት የለም። አፏን የምትጠብቀው ራሷ ናት፤ የምትከበረውም በዚያ ነው።

የአብዶ ሚስት ሽቶ ከአጋርፋ የመጣች ናት። በመጣችበት በመጀመሪያው ክረምት ሰማዩ ሲጠቁር፣ «ነጩ ሊወርድ ነው፣ ጥጆቹን አስገቡ» ብላ ከደጅ ስትጣራ ሽማግሌው ሰማት። በረዶ ማለቷ ነበር። ቃሉን ከሰርጓ ቀን ጀምሮ ከአፏ አውጥታ ጥላዋለች። የጎረቤት ሴቶች ሊፈትኗት ይሞክራሉ።

«እሺ በአማርኛው በረዶ በዪው። አማርኛው አማትሽ አይደለም።»

«በአማርኛም ያው እሳቸው ናቸው።»

ሲስቁባት አብራ ትስቃለች፤ ቃሉን ግን አትለውም። ሽማግሌው ግድግዳው ጥግ ተቀምጦ ይህንን ሲሰማ ደስ ይለው ነበር። ልጄ መልካም ሴት አገባ፣ ይላል በልቡ።

አብዶና ሽቶ ስድስት ዓመት ልጅ ሳያገኙ ቆዩ። በ1994 ዓ.ም. ሴት ልጅ ተወለደችላቸው። በሰባተኛው ቀን በግ ታርዶ ሰው ተሰበሰበ። ኡስታዝ ሳላሀዲን፣ ከትምህርት በቅርቡ የተመለሰው ጨዋ ወጣት፣ ልጅቷን ማን እንበላት ብሎ ጠየቀ።

ሽማግሌው ለዚህ ቀን ሲዘጋጅ ከርሟል። ስም እንዴት እንደሚመጣና እንደሚሄድ ሲያይ ነው የኖረው። በንጉሡ ጊዜ ትምህርት ቤት የገባ ልጅ አንዳንዴ ሌላ ስም ይዞ ወደ ቤቱ ይመለስ ነበር። በደርግ ጊዜ በአንድ መንደር ውስጥ አብዮት የሚባሉ ሁለት ልጆች ነበሩ። ኢሕአዴግ በገባ ሰሞን የተወለደው ብዙው ቢሊሱማ ተባለ፤ ነፃነት ማለት ነው፤ በአንድ ክፍል ስድስት ቢሊሱማ የተቀመጠበት ጊዜ ነበር። አሁን ደግሞ ዘመኑ የነኢብቲሳምና የነሰቢሪና ሆኗል። ጨቢ የሚባል ስም ግን በየትኛውም ዘመን አልነበረም። እሱ ሲቀበር ስሙም አብሮት ይቀበራል።

«ጨቢ ትባል» አለ።

ኡስታዙ ጉሮሮውን ጠረገ።

«አባ፣ ስሙ የእርስዎ ነው፤ እናከብረዋለን። ግን ለሴት ልጅ በረዶ ይከብዳል። ነቢያችንም ሰለላሁ ዐለይሂ ወሰለም የሚያስፈራውን ስም በመልካም ይለውጡ ነበር። ኢብቲሳም ብንላትስ? ፈገግታ ማለት ነው።»

«ፈገግታ ይጠፋል» አለ ሽማግሌው።

«በረዶስ አይቀልጥም?» አለ ለታ ከበሩ አጠገብ። ሰው ሳቀ።

አብዶ ከብት ነጋዴ ነው፤ ከብድሬ ገበያ ከብት ነድቶ የገባው በዚያው ጠዋት ነበር። እንቅልፍ አላየም። ወለሉን እያየ፣ «አባቴ ካሉ ይሁን» አለ። ኡስታዙ ዱዓ አደረገ፤ ሥጋው ቀረበ። ሽቶ ከመጋረጃው ጀርባ ነበረች። ማንም አልጠየቃትም። ሽማግሌው ያን ቀን በኋላ መለስ ብሎ ሲያስበው ከመጋረጃው ጀርባ ምንም ድምፅ እንዳልወጣ ያስታውሳል። ያኔ ግን ዝምታዋን እንደ እሺታ ነው የወሰደው።

የተሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ስሙን ለልጅቷ ሲሰጥ ልጅቷን ከእናቷ አፍ እንደሚነጥቅ አላሰበም።

የእርሻውን ሥራ ለሌሎች ከተወ ወዲህ ቀኑን የሚያሳልፈው ግድግዳው ጥግ ፀሐይ እየሞቀ ነው። ዓይኑም ጆሮውም ደህና ነበሩ። እናት ልጇን በቀን ስንት ጊዜ እንደምትጠራ ልብ ብሎ አያውቅም ነበር፤ አሁን ከአጥሩ ማዶ ያሉትን ሴቶች መስማት ጀመረ። «ኢብቲሳም፣ ነይ ብዪ።» «ኢብቲሳም፣ ከጭቃው ውጪ።» «ኢብቲሳም፣ ነግሬሻለሁ።» ከጠዋት እስከ ማታ እንዲህ ነው። ከእሱ ግቢ የሚሰማው ግን ጭብጨባ ነው። ሽቶ ልጇን ስትፈልግ ሁለት ጊዜ ታጨበጭባለች። ሲቸኩላት «አንቺ» ትላለች። ልጅቷ የእናቷን ጭብጨባ ለይታ አወቀችው፤ ሌላ ሴት ብታጨበጭብ ዞር አትልም።

አንድ ጊዜ ለክትባት ጤና ጣቢያ አብሯቸው ሄደ። ነርሷ አዲስ ቅጽ እየሞላች፣ «የልጅቷ ስም?» አለች። ሽቶ የድሮውን ካርድ ዘረጋችላት።

«ካርዱን ውሃ ነክቶታል፣ አይነበብም። አንቺው ንገሪኝ።»

ሽቶ ካርዱን እንደገና ወደ እሷ ገፋ አደረገች። ነርሷ ወደ ሽማግሌው ዞረች። «አትናገርም እንዴ?»

«ትናገራለች» አለ። «ጨቢ ብለሽ ጻፊ።»

በመልሱ መንገድ ላይ ሽቶም እሱም ይህንን አላነሱም። የጤፍ ዋጋ አወሩ፤ ከዚያ እሱንም ተዉት።

እሱ ራሱ ልጅቷን በስሟ ይጠራታል። በቀን ሦስት አራት ጊዜ፣ ጉዳይ ሳይኖረው።

«ጨቢ።»

«አቤት፣ አባባ።»

«ምንም የለም። ተጫወቺ።»

ስሙ በግቢው ውስጥ ሲጠራ መስማት ደስ ያሰኘዋል። የሚጠራው ግን ራሱ ነው። ይህንን ያውቀው ነበር፤ ብዙም አላሰበበትም።

በሚሌኒየሙ ዓመት፣ ጥር ላይ፣ አዝመራው ከገባ በኋላ፣ በለታ ጋሪ ሮቤ ገበያ ወረዱ። ሽማግሌው የሚጠገን ኮርቻ ይዟል። ሽቶ እንቁላልና ቅቤ ይዛለች። ልጅቷ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ቀይ ሹራብ ለብሳ የእናቷን ነጠላ ጫፍ ይዛለች። ኮርቻ ሰፊው ዘንድ ሲደርሱ ሽማግሌው ወረደ፤ ሽቶና ልጅቷ ወደ ገበያው ውስጥ ገቡ።

ሽቶ እንቁላሏን ሸጣ በርበሬ ተራ ሄደች። በርበሬ ተራን የያዙት ከደቡብ የመጡ ነጋዴዎች ናቸው። ሙሉአለም የምትባለው ደንበኛዋ ዛላውን ዘርግታ አሳየቻት። ሽቶ ጎንበስ ብላ አሸተተች፣ ሰበር አድርጋ አየች። ቀና ስትል ነጠላዋን የያዘ እጅ የለም።

ሽማግሌው ኮርቻውን ሰጥቶ ከለታ ጋር ልባሽ ጨርቅ ተራ ዳር ቆሞ ነበር። ልባሽ የሚሸጡት ልጆች ገዢ የሚጠሩት እያጨበጨቡ ነው፤ ጆሮ ያደነቁራሉ። በዚያ መሀል ሌላ ጭብጨባ ሰማ። ሁለት ጊዜ። ትንሽ ቆይቶ ሁለት ጊዜ። ቆይቶ ሁለት ጊዜ፣ ፈጠን ብሎ።

«ሽቶ ናት» አለ።

«በዚህ ሁሉ ጫጫታ? አርጅተሃል ጨቢ» አለ ለታ። ሽማግሌው ግን ሄዷል።

ሽቶ በርበሬ ተራው መሀል ቆማለች። ነጠላዋ ከራሷ ላይ ወርዷል። ሙሉአለም ከጆንያዎቿ ኋላ ወጥታ ክንዷን ይዛታለች።

«ስሟን ንገሪን፣ እኛም እንጣራ።»

ሽቶ አፏን ከፈተች፤ መልሳ ዘጋችው። «ቀይ ሹራብ ነው የለበሰችው።»

«ቀይ ሹራብማ ስንቱ ለብሷል። ስም የላትም ልጅሽ?»

ሽቶ እንደገና አጨበጨበች።

ሙሉአለም ወደ ጎረቤቷ ነጋዴ ዞረች። «ባህሩ፣ ይቺ ሴትዮ የልጇን ስም አታውቀውም።»

«ልጇ ባትሆንስ» አለ ባህሩ ሚዛኑን ሳያወርድ። «የሰው ልጅ ይዞ የሚዞር አለ እየተባለ ነው ሰሞኑን።»

ሰው ከያለበት ዞሮ ሽቶን አያት። አንዲት ሴት የራሷን ልጅ ወደ ጉያዋ ሳበች። ሽቶ ይህን ሁሉ አየች። እጆቿን እንዳጣመረች ቆመች።

ሽማግሌው ሰዉን በትከሻው እየገፋ ደረሰ።

«የልጄ ሚስት ናት» አለ። «የጠፋችው የልጅ ልጄ ናት። ስሟ ጨቢ ነው።»

«እሷ ታዲያ ለምን አትለውም?» አለች ሙሉአለም።

«የእኔም ስም ስለሆነ።»

ሙሉአለም አልገባትም። ሆኖም ጊዜ አላጠፋችም፤ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ፣ «ጨቢ» እያለች ወደ ሽንኩርት ተራ ሄደች። ባህሩም ሚዛኑን አስቀምጦ ተነሳ።

ሽማግሌው ከግቢው ውጪ የራሱን ስም ጮኾ ተጣርቶ አያውቅም። ማን ይጣራል? በጨው ተራ፣ በገመድ ተራ፣ በሸክላ ተራ፣ «ጨቢ፣ ጨቢ» እያለ አለፈ። የሚያውቁት ሰዎች ከሥራቸው ቀና አሉ።

«አባ አብዶ፣ ራስዎን ነው የሚፈልጉት?» አለ አንዱ ገመድ ሻጭ። አጠገቡ ያለው ሳቀ። ሽማግሌው መልስ ሳይሰጥ ሲያልፍ ሳቁ ቆመ፤ እነሱም መጣራት ጀመሩ። ለታ ጋሪው ላይ ቆሞ በዚያ በደከመ ሳንባው ይጮኻል። ከበርበሬ ተራ ሴቶቹ፣ ከእህል ተራ ተሸካሚዎቹ ተቀበሉት። ስሙ ከዚህኛው ጫፍ ወደዚያኛው ጫፍ ሄደ። ከተወለደ ጀምሮ ይህን ያህል ሰው ስሙን ጠርቶት አያውቅም። በዚያ ሁሉ ድንጋጤ መሀል ይህንን አስተዋለ፤ በማስተዋሉም አፈረ።

ልጅቷ ግን አልመጣችም።

ዶሮ ተራ ሲደርስ ከኋላው ሌላ ድምፅ ወጣ። ቀጭን ነው፣ የተሰነጠቀ።

«ሲምቦ። ሲምቦ ኮ።»

ሽቶ ነበረች፤ ሲምቦዬ ማለቷ ነው። ድምፁን አላወቀውም፤ እንደዚያ ስትጮኽ ሰምቷት አያውቅም። ከዶሮ ቅርጫቶቹ ኋላ፣ ሽማግሌው ከቆመበት አሥር እርምጃ በማይሞላ ቦታ፣ ቀይ ሹራብ ብድግ አለ። ልጅቷ ጫጩት ስታይ ነበር። እየሮጠች በአያቷ አጠገብ አልፋ እናቷ ላይ ተጠመጠመች። ሽቶ መሬት ላይ ቁጭ አለች። ፊቷን በልጅቷ ፀጉር ውስጥ ቀብራ ቆየች።

ሽማግሌው ቀረብ ብሎ ጎንበስ አለ።

«ይህ ሁሉ ሰው ሲጣራ አልሰማሽም?»

«ሰምቻለሁ፣ አባባ።»

«ታዲያ ለምን አልመጣሽም?»

«እርስዎን የሚጠሩ መስሎኝ ነው።»

ለታም ጋሪውን ነድቶ ደርሶ ነበር። ሌላ ጊዜ ቢሆን አንድ ነገር ይል ነበር። ወደ ፈረሱ ዞሮ ያልተፈታውን ልጓም ማጥበቅ ጀመረ። ሙሉአለም ለልጅቷ ሙዝ ሰጠቻት፤ ሽቶን ትከሻዋን መታ መታ አደረገቻትና፣ «ይቅር በይኝ እናቴ፣ አላወቅኩም» አለቻት።

ሲመለሱ ሽቶ ጀርባዋን ለሽማግሌው ሰጥታ ጋሪው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። አንገቷ መነሳት አቃተው። እሱ ካወጣው ስም ሌላ ስም ለልጅቷ አውጥታ፣ ደብቃ፣ ገበያ መሀል ጮኻበታለች። ያሳፈራት ይህ ነው። ሽማግሌው ግን ይህንን አልነበረም የሚያስበው። ልጅቷ የመለሰችለት መልስ ነበር በጆሮው የቀረው። ስድስት ዓመት ስሙን ሲያለብሳት ኖረ። እሷ ግን የሌላ ሰው ልብስ እንደሆነ ታውቅ ነበር።

በማግስቱ ከዙህር ሰላት በኋላ ለታንና ኡስታዝ ሳላሀዲንን ይዞ ገባ። ሽቶን ጠርቶ ፊት ለፊቱ አስቀመጣት።

«ኢንተላ ኮ» አላት፤ ልጄ ማለቱ ነው። «ሲምቦ ማለት የጀመርሽው ከመቼ ወዲህ ነው?»

«ከአርባ ቀኗ ጀምሮ» አለች መሬት መሬት እያየች። «ሳጥባት፣ ሳስተኛት። ሰው በሌለበት ብቻ። አጥፍቻለሁ፣ አባ።»

«የማን ስም ነው? የእናትሽ ወገን ነው?»

«የማንም አይደለም።»

«ታዲያ ከየት አመጣሽው?»

«ደስ ስላለኝ ነው።»

ሲምቦ ደም ግባት ማለት ነው። ከሮቤ እስከ ጎባ ባለው መንገድ ላይ በየመንደሩ አንዲት ሲምቦ አትጠፋም። በረዶም፣ ማሳም፣ ታሪክም የሌለበት ስም ነው። አንዲት እናት ደስ አላት፤ አለቀ።

«ስሚኝ» አለ። «ለጉውን እኔ አንስቼልሻለሁ። እነዚህ ሁለቱ ምስክር ይሁኑ። ከዛሬ ጀምሮ ልጅሽን በስሟ ጥሪ። እኔንም ብትፈልጊ ጥሪኝ፤ አልቀየምም።»

ኡስታዙ ራሱን ነቀነቀ። «ከዲን የመጣ ነገር አይደለም፣ እኅቴ። ባህል ነው። ብትዪው ወንጀል የለብሽም።»

ሽቶ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ ሽማግሌውን አየችው።

«አባ፣ እርስዎ ሊያነሱት አይችሉም። የያዝኩት እኔ ነኝ።»

ነጠላዋን ወደ ትከሻዋ መለሰች።

«አሥራ ሁለት ዓመት ይዤዋለሁ። ነጩ ማሳችንን ሲያወድመው አላመለጠኝም። ምጥ ላይ ሆኜ አላመለጠኝም። ትናንት ልጄ ጠፍታ፣ ሰው ሌባ ብሎ ሲያየኝ አላመለጠኝም። አሁን እዚህ ተቀምጬ፣ ተፈቅዷል ስለተባልኩ ልበለው? እንግዲያ ትናንት ለምን ዝም አልኩ?»

ለታ ከዘራውን መሬት ላይ አዞረው።

«ጨቢ፣ ተረትተሃል» አለ ቀስ ብሎ።

ሽማግሌው ምራቱን ይመለከታል። ሰባ ዓመት ከተጠጋው ወዲህ ስሙ ከቤቱ ወጥቶ እንደቀረ ሲያስብ ኖሯል። ይህች ሴት ግን አፏን በከፈተች ቁጥር መጀመሪያ እሱን አስባ፣ ስሙ የት እንዳለ አይታ፣ ዞራ ነው የምታልፈው። ውሃ ስትጠይቅ፣ ስለ ዝናብ ስታወራ፣ ልጇን ስትፈልግ። ኡሙሰልማም አርባ አንድ ዓመት እንዲሁ ነበረች። የሚጠራኝ ሰው አጣሁ ሲል ስሙን የሚጠብቅለትን ሰው አላየም።

«እሺ» አለ። «ሲምቦ ትባል።»

ሽቶ አልገባትም። «ስሙስ?»

«ስሙ የእኔ ነው። ከእኔ ጋር ይኑር።»

«አብዶስ ምን ይላል?» አለ ለታ።

«አብዶ እንደ ልማዱ፣ ‹ይሁን› ይላል» አለ ሽማግሌው። ሽቶ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች። ወዲያው ሳቁ ወደ ለቅሶ ሄደባት። ወጥታ ሄደች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጭብጨባው ቆመ። መጀመሪያ ላይ ሽቶ ሲምቦ ስትል ድምፅዋን ዝቅ ታደርግ ነበር፤ ሽማግሌው ባለበት ደግሞ ጭራሽ በሹክሹክታ ነው። ግንቦት ሲመጣ ከማሳው ጫፍ ሆና ትጣራ ጀመር። ሽማግሌው ራሱ ለመልመድ ከሁሉም ይበልጥ ቆየ። አንዳንዴ ጨቢ ብሎ ይጀምርና ያቆማል። ልጅቷም «ሲምቦ» ብላ ታርመዋለች።

በመስከረም ትምህርት ቤት ሊያስመዘግቧት ሄዱ። አብዶ ከብት ሊገዛ ብድሬ ሄዶ ነበር። ወላጆች ግቢውን ሞልተውታል። ከክፍሉ በር አጠገብ ጠረጴዛ አውጥታ የምትመዘግበው ፍቅርአዲስ የምትባል ወጣት መምህርት ናት። ተራቸው ሲደርስ ሽቶ ወደ ጠረጴዛው ተጠጋች፤ ሽማግሌው ከኋላዋ ቆመ።

«የልጅቷ ስም?»

«ሲምቦ» አለች ሽቶ። ድምፅዋ ግልጽ ነበር።

«የአባት ስም?»

ሽቶ ዝም አለች። ባሏ ነው፤ እሱንም አትጠራም።

«አብዶ» አለች ልጅቷ።

«የአያት?»

ሽቶ ወደ ክፍሉ መስኮት ዞረች። ሽማግሌው ሊናገር አፉን ከፈተ፤ ልጅቷ ቀደመችው።

«ጨቢ።»

መምህርቷ እስክሪብቶዋን አቁማ ቀና አለች። «ጨቢ? እንዲህ የሚባል ስም አለ?»

«የአያቴ ነው። ሌላ ሰው የለውም» አለች ልጅቷ። ስትለው ምንም አልከበዳትም። ጨቢ የአያቷ ስም ነው፤ አያቷ ደግሞ እዚህ ቆሟል።

መምህርቷ ጻፈች። ሽማግሌው እስክሪብቶው ሲሄድ ተመለከተ። ብዙ አያነብም፤ የራሱን ስም ግን በቅርጹ ያውቀዋል። ሲምቦ አብዶ ጨቢ። ከዛሬ ጀምሮ በየዓመቱ፣ በየክፍሉ፣ በየፈተናው፣ በየቢሮው ይጠይቋታል፤ እሷም ትላለች። ልጆቿ አይሉትም። የእነሱ አባትና አያት ሌላ ነው የሚሆነው። እንግዲህ ስሙ አንድ ዕድሜ ተጨመረለት ማለት ነው። አላህ ካለ ሰባ ዓመት። ከዚያ ያልፋል። ሽማግሌው ሰባ ዓመት ስንት እንደሆነ ኖሮ ስላየው ትንሽ ነው አላለም።

አዲሶቹ ተመዝጋቢዎች ግቢው መሀል እንዲሰለፉ ተነገራቸው። ልጅቷ ሄደች። ሽቶ በሩ ላይ ቆማ ሳለች ዳቦው እጇ ላይ መቅረቱን አየች።

«ሲምቦ» ብላ ተጣራች።

ከሰልፉ ሦስት ልጆች ዞሩ።

ሽቶ ደንግጣ ቆመች። ከዚያ ሳቀች፤ አጠገቧ ያሉት እናቶችም ሳቁ። «የእኔዋን ነው» አለች። ዳቦውን ይዛ ወደ ሰልፉ ገባች።

ሽማግሌው ከዘራውን አነሳና ቀድሟት መንገድ ጀመረ።